ጎጎል ሰውን ያየበት ዓይን፦ «ሙታን ነፍሳት»ን ያነበባችሁ ኑ እንወያይ

ፍካት | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለእናንተ። የሩሲያዊውን ጸሐፊ የኒኮላይ ጎጎልን «ሙታን ነፍሳት» እንደገና እያነበብኩ ነው። ከዚህ በፊት ዝም ብዬ ያለፍኩት አንድ አንቀጽ ሰሞኑን እንቅልፍ ነሥቶኛል። የማወራው ሰው ባጣ ወደዚህ መጣሁ።

ምዕራፍ 3 ላይ ነው። የመጽሐፉ ዋና ሰው ቺቺኮቭ በዝናብና በጨለማ መንገድ ስቶ ኮሮቦችካ ከምትባል ባልቴት ቤት ያድራል። በማግስቱ ሲያናግራት ቀደም ብሎ ለጎበኘው ባለርስት ለማኒሎቭ ያሳየው ያ ሁሉ ጎንበስ ቀና የለም፤ እንደ ልቡ ሆኖ ነው የሚያወራት። ጎጎል እዚህ ጋ ታሪኩን ገታ አድርጎ ወደ አንባቢው ይዞራል። ሁለት መቶ ነፍስ ያለው ባለርስት የሚነገርበት ድምፅ አለ፣ ሦስት መቶ ያለው የሚነገርበት ድምፅ ሌላ ነው፣ አምስት መቶ ያለው ደግሞ ሌላ፤ እስከ ሚሊዮን ብትወጡ በመካከሉ ልዩነት አይጠፋም ይላል። ቀጥሎ አንድ የቢሮ አለቃ ያመጣል። በበታቾቹ መካከል ሲቀመጥ ፊቱ የሚያስፈራ፣ ቁርጥ የግሪክ ተረቱን ኃያል ፕሮሜቴዎስን የሆነ ሰው ነው። ያው ሰው ወረቀት በብብቱ ይዞ ወደ በላዩ ሹም ክፍል ሲጣደፍ ቆቅ ይሆናል። ከእሱ ትንሽ ከፍ ከሚሉ ሰዎች መካከል ሲገባ ዝንብ፣ ከዝንብም ያነሰ፣ የአሸዋ ቅንጣት።

መጽሐፉን ላላነበበ፦ በዚያ ዘመን ሩሲያ «ነፍስ» ማለት ከመሬቱ ጋር የሚሸጥ የሚለወጥ ወንድ ገባር ነው። የባለርስት ክብር የሚለካው ስንት ነፍስ አለው ተብሎ ነበር። መንግሥት በየተወሰነ ዓመት ቆጠራ ያደርጋል፤ ከአንዱ ቆጠራ እስከሚቀጥለው የሞተ ገባር ከመዝገብ ስለማይሰረዝ ግብሩ እንደ ሕያው ይከፈልበታል። ቺቺኮቭ ያየው ቀዳዳ ይህ ነው። ሙታኑን በርካሽ ገዝቶ፣ በወረቀት ላይ ሕያዋን አስመስሎ፣ በአንድ የመንግሥት አበዳሪ ተቋም መያዣ አድርጎ በነፍስ ሁለት መቶ ሩብል ሊበደርባቸው ያስባል።

እኔ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የነበሩ ኃላፊ ትዝ አሉኝ። አንድ ቀን ፊርማ ልቀበል ገብቼ ስልካቸው ጠራ። ስሙን አዩ፤ ከወንበራቸው ተነሡ፤ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፤ ከዚያ «አቤት» አሉ። ደዋዩ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው፣ አያያቸውም። ቆመው፣ አንገታቸውን ሰበር እያደረጉ ጨረሱና ቁጭ ሲሉ ፊታቸው ወደ ቦታው ተመለሰ። ያን ጊዜ ፈርጄባቸው ነበር። አንቀጹን ሳነብ ግን የታየኝ የራሴ ነገር ነው፤ ለጥበቃው ደህና አደርክ የምልበት ድምፅና ዳይሬክተሯን እጅ የምነሣበት ድምፅ አንድ አይደለም። አንተና እርስዎ ማለት የወግ ነው። የድምፁ መቅለጥ ግን ከወግ አይደለም፣ ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው።

ጥያቄዬ ይኸው። ብዙ ሰው ጎጎልን በሰው የሚሣለቅ፣ ሰው የማይወድ ጸሐፊ ያደርገዋል። እኔ ለሰው የሚያዝን ጸሐፊ ነው ባይ ነኝ። እናንተስ?


ሞጋች | ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡05

ፍካት ጥሩ አንስተሻል፤ ግን አልስማማም። ነገሩን ወደ «የሰው ባሕርይ» ስንወስደው በደለኛው ያመልጣል። ያ ሁሉ ድምፅ መለዋወጥ የመጣው ሰው በሰው ላይ ባለቤት እንዲሆን ከፈቀደ ሥርዓት ነው። ገባርነቱ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1861 ነው፤ መጽሐፉ ከወጣ ከ19 ዓመት በኋላ። ሰው በዋጋ በሚሸጥበት አገር ሰላምታም በዋጋ ቢሆን ምን ይገርማል?

ሌላው የማይዋጥልኝ ራሱ ጎጎል ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 «ከወዳጆች ጋር ከተደረጉ መጻጻፎች የተመረጡ» የሚል መጽሐፍ አውጥቶ፣ ባለርስቱ የገባሮቹ አባት ሆኖ እንዲገዛቸው የሚመክር ሰው ሆነ። ኃያሲው ቤሊንስኪ በሳንባ ነቀርሳ እየተሰቃየ፣ ለሕክምና ከሄደበት ከሳልዝብሩን የጻፈለት የቁጣ ደብዳቤ ትክክል ነበር እላለሁ። ያ ደብዳቤ በእጅ እየተገለበጠ ዞሯል፤ ዶስቶየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1849 ሲታሰር ከቀረቡበት ክሶች አንዱ ይህንኑ ደብዳቤ በጓደኞች ስብሰባ ላይ ማንበቡ ነው። ሰው ለአንድ ደብዳቤ ይህን ያህል ዋጋ ከከፈለ ደብዳቤው የነካው እውነት አለ።

ታዲያ እንዲህ አጥርቶ ያየ ዓይን የገባርነትን ሥርዓት እንዴት ይሟገትለታል? ለእኔ ሐዘኑ የግል ነበር፤ ለገባሮቹ አልደረሰም።


የቮልጋው | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1፡40

ልጆቼ፣ ሌሊቱን የጻፋችሁትን አሁን አነበብኩ። እኔ በወጣትነቴ እዚያው አገር ተምሬ መጽሐፉን በቋንቋው ያነበብኩት ሰው ነኝ፤ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል።

በሩሲያኛ ነፍስ «ዱሻ» ናት። የሚጸለይላትም፣ በመዝገብ የምትቆጠረውም፣ የምትሸጠውም አንዷ ዱሻ ናት። መጽሐፉ በሙሉ የተተከለው በዚህ ቃል ላይ ነው። ብዙ ቋንቋ ይህን ሲተረጉም ይቸገራል። የእኛ ግን ታድሏል፤ «ነፍስ ይማር» እንላለን፣ «ስምንት ነፍስ አስተዳድራለሁ» እንላለን፣ በሒሳቡ ደግሞ «የነፍስ ወከፍ ገቢ» እንላለን። ጸሎቱና ቆጠራው በአንድ ቃል አብረው አሉን። የሚያስቸግረው ብዜቱ ብቻ ነው። «ነፍሳት» ሲባል የዛሬ ልጅ የሚመጣለት ትንኝና ጉንዳን ነው። እኔ ብሆን «የሞቱ ነፍሶች» እላለሁ፤ ግርማው ቢቀንስም ትርጉሙ አይስትም።

ይህ የቃል ጨዋታ ያኔውኑ ያስፈራ ነበር። ጎጎል እ.ኤ.አ. በ1842 መጀመሪያ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ የሞስኮ ሳንሱር ኮሚቴ ምን እንዳለ ይተርካል። ሰብሳቢው ርእሱን ገና ሲሰማ፣ ነፍስ አትሞትም፣ ይህ ደራሲ በዘላለማዊነት ላይ ተነሥቷል ብሎ ጮኸ። የለም፣ በመዝገብ ስላሉ ገባሮች ነው ብለው ሲያስረዱት ደግሞ፣ ያማ ይብሳል፣ በገባርነት ሥርዓት ላይ ነዋ አለ። ሌላው ሳንሱር ያስጨነቀው ዋጋው ነው። ቺቺኮቭ ለአንድ ነፍስ የከፈለው ሁለት ሩብል ተኩል ነፍስን የሚያሳዝን ነው፣ የውጭ አገር ሰው ይህን አንብቦ ወደኛ አይመጣም ብሎ ተከራከረ። ሰው በሁለት ሩብል ተኩል መሸጡ በወረቀት ሲነበብ አሳፈረው። ሰው በየቀኑ መሸጡ ግን በስብሰባው አልተነሣም። በመጨረሻ በፒተርስበርግ በኩል፣ ከርእሱ በፊት «የቺቺኮቭ ገጠመኞች» የሚል ተጨምሮ፣ በውስጡ ያለው የሻምበል ኮፔይኪን ታሪክ ተለሳልሶ፣ በግንቦት 1842 ወጣ።

ሞጋች ልጄ፣ ጥያቄህ ከባድ ነው፤ አላድበሰብሰውም። የ1847ቱን መጽሐፍ አንብቤዋለሁ፣ አሳዝኖኛል። ግን የሁለት ሩብል ተኩሉን ገበያ ደግመህ አንብበው። ሻጩ ሶባኬቪች የሚባል ባለርስት ነው። በነፍስ መቶ ሩብል ጠራ። የሞቱ አይደሉም ወይ ሲባል ስለ ሙያቸው መናገር ያዘ፤ ሠረገላ ሠሪው ሚኼየቭ፣ አናጢው ስቴፓን ፕሮብካ፣ ጡብ ሠሪው ሚሉሽኪን፣ ጫማ ሰፊው ቴሊያትኒኮቭ። እየተናገረ ሄዶ ሄዶ መሞታቸውን የረሳ ይመስላል። ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ ከጌታቸው አፍ ይህን ምስጋና መስማታቸውን እጠራጠራለሁ። ሲሸጡ ነው የተመሰገኑት። ይህን የጻፈ ሰው ሐዘኑ ለገባሮቹ አልደረሰም ማለት ይከብደኛል።


ሻማ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ እንደርስዎ ያለ ሰው ማግኘት መታደል ነው። እኔ መጽሐፉን ጀምሬ ምዕራፍ 6 ላይ ነኝ። ማኒሎቭን አልፌአለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ገጽ 14 ላይ ምልክት የገባበት መጽሐፉን፣ በመስኮቱ ላይ በመስመር የደረደረውን የፒፓ አመድ አይቻለሁ። ማንንም የማይጎዳ፣ ምንም የማይሠራ ሰው። ኮሮቦችካም ሙታኗን ስትሸጥ የምትፈራው መታለልን ብቻ መሆኑ ገርሞኛል፤ ምናልባት ለቤት ሥራ አንድ ቀን ያስፈልጉ ይሆናል ብላ ታስባለች! ፕልዩሽኪን ላይ ስደርስ ግን መሣቅ አቃተኝ። የሚያስቅ ነገር ያለፈኝ መስሎኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያለፈኝ ነገር አለ?


እርሳስ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡30

ሻማ፣ ምንም አላለፈህም። እዚያ ቦታ ላይ መሣቅ የሚቻል አይመስለኝም፤ ጸሐፊውም አልፈለገውም።

ፕልዩሽኪን ከአንድ ሺህ በላይ ነፍስ ያለው፣ ከሁሉም ባለጸጋው ነው። ጎተራው ውስጥ እህሉ ይበሰብሳል፣ ዱቄቱ ድንጋይ ሆኖ በመጥረቢያ ካልተፈለጠ አይነሣም፣ ጨርቁ ሲነካ አቧራ ይሆናል። እሱ ግን መንገድ ለመንገድ እየዞረ አሮጌ የጫማ ሶልና የተሰበረ ሸክላ ይለቅማል። ቺቺኮቭ በመጀመሪያ ሲያየው ወንድ ይሁን ሴት መለየት አቅቶት ነበር። እስከዚህ ድረስ ሌላም ጸሐፊ ሊጽፈው ይችላል። ጎጎል ግን ቀጥሎ ያደረገውን ተመልከት። ወደኋላ ይመልሰንና ይህ ሰው ድሮ ማን እንደነበር ይነግረናል። ሚስት ነበረችው፣ ሁለት ሴት ልጆችና አንድ ወንድ ልጅ ነበሩት፤ ጎረቤት ምሳ ሊበላ፣ ቤት አስተዳደር ሊማርበት ይመጣ ነበር። ሚስቱ ሞተች። ቁልፉ ወደሱ እጅ መጣ። ታላቋ ልጁ ከአንድ ፈረሰኛ መኮንን ጋር ኮበለለች። ወንዱ ከአባቱ ፈቃድ ውጭ ውትድርና ገባ። ትንሿ ሞተች። ሰው ከቤቱ አንድ በአንድ ሲወጣ ቁጥብነቱ እየጠነከረ፣ መስኮቶቹ አንድ በአንድ እየተዘጉ ሄዱ።

ይህን የምለው አጎቴ ሲያርፉ ቤታቸውን ያጸዳሁት እኔ ስለሆንኩ ነው። አልጋቸው ሥር ሰባት ብርድ ልብስ ከነፋብሪካ ላስቲኩ አገኘን። እሳቸው የተገኙት አንዲት ብርሃን የምታስተላልፍ ብርድ ልብስ ለብሰው ነው። በአንድ የብስኩት ጣሳ ውስጥ ደግሞ የተቃጠሉ አምፖሎች፣ እያንዳንዱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ቀኑ ተጽፎበት። እኚህ ሰው እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ሰብስበው ሒሳብ የሚያስጠኑ ሰው ነበሩ። የአክስቴ ሞት ነው የለወጣቸው። አንድ ቀን ግን አይደለም የለወጣቸው። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ነው፤ እኛም በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት መሄድ እየተውን ነው።

ጎጎል በዚያው ምዕራፍ ለወጣት የሚለው አለ። ከልጅነት ለስላሳ ዘመን ወጥታችሁ ወደሚያደድረው ጉልምስና ስትገቡ ሰብአዊ ስሜታችሁን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ መንገድ ላይ አትጣሉት፣ ተመልሳችሁ አታነሡትም ይላል። ሲሣለቅ ቆይቶ ድንገት እንዲህ ይለምናል። ለእኔ የመጽሐፉ ልብ እዚህ ጋ ነው።


ፍካት | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡10

እርሳስ፣ አጎትህን ነፍስ ይማር። አምፖሎቹ ላይ ቀን መጻፋቸው ልቤን ነካው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ፕልዩሽኪን ስለ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛው ሲነሣበት ያ እንጨት የሆነ ፊቱ ላይ አንድ ሞቅ ያለ ጨረር ብልጭ ይላል። ጎጎል የሚያመሳስለው ውኃ ከወሰደው ሰው ጋር ነው። በወንዙ ዳር ያለው ሕዝብ ሰውዬው ብቅ ሲል እልል ይላል፣ ገመድ ይወረውራል፣ እጁን ይጠብቃል። ግን ያ የመጨረሻ ብቅታው ነበር። ውኃው እንደገና ዝም ይላል፣ ዝምታውም ከበፊቱ ይከፋል። ሰው የሚጠላ ጸሐፊ በወንዝ ዳር ገመድ ይዞ የሚጠብቅ ሕዝብ አያስቀምጥም። ለዚህ ነው አዘነ የምለው።

ገጣሚው ፑሽኪን የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ከጎጎል አፍ ሲሰማ እንዲሁ ሆነ ይባላል። ሐሳቡን ለጎጎል የሰጠው እሱ ራሱ ነው። ጎጎል ሲያነብለት ሁልጊዜ ይሥቅ የነበረው ሰው እየከፋው፣ ፊቱ እየጨለመ ሄደ። በመጨረሻ፣ አቤት ሩሲያችን እንዴት ታሳዝናለች አለ። ይህን የሚነግረን ጎጎል ነው።


ሞጋች | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡50

ጋሼ የጠቆሙኝን የሶባኬቪች ምዕራፍ ዛሬ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ተቀብያለሁ፤ ምስጋናው ከሞት በኋላ መምጣቱን ሳላስተውል ነበር ያለፍኩት። ኤልሳቤጥ ቮሮቤይን ደግሞ ልብ ብዬ አየሁ። ግብር የሚቆጠረው በወንድ ነውና ሴት ዋጋ የላትም፤ ሶባኬቪች ስሟ ወንድ እንዲመስል መጨረሻ ፊደሏን አስቀርቶ ከዝርዝሩ ውስጥ ሰነቀራት። አንዲት ሴት ከሞተች በኋላ በተጭበረበረ ፊደል ገበያ ገባች። ስለ 1847 ያልኩትን ግን አላነሣም። ጸሐፊው ከመጽሐፉ ሊያንስ ይችላል፤ ጎጎልም አንሷል።

ስለ ወሬ ማንም አለማንሣቱ ገርሞኛል። እኔ ከመጽሐፉ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ኮሮቦችካ የሙት ነፍስ ወቅታዊ ዋጋ ስንት እንደሆነ ልትጠይቅ ከተማ ገባች። ኖዝድሪዮቭ የሚባለው ባለርስት በገዥው ግብዣ ላይ ምስጢሩን ጮክ ብሎ አፈረጠው። ከዚያ ሁለት ወይዛዝርት ቁጭ ብለው ሲጫወቱ «ሙታን ነፍሳት» የተባለው ሽፋን ነው፣ ሰውዬው የገዥውን ልጅ ሊጠልፍ ነው ወደሚል ደረሱ። ልብ በሉ፤ አንዷም ሆን ብላ አልዋሸችም። መጀመሪያ «ይሆን?» ብለው ጠየቁ፣ በጥያቄው ላይ ግምት ጨመሩ፣ ግምቱን ደገሙት፣ ሲደግሙት የሚያውቁት ነገር ሆነ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጎጎል እዚያው ላይ ሊቃውንትም ከዚህ አይለዩም ይላል። በፍርሃት የጀመሩት መላምት በትውልዱ መካከል እንደ እውነት ይቆማል።

ሹማምንቱ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ወሬው ፍርሃት ሆነ። አዲስ ጠቅላይ ገዥ ተሾሟል፤ ሁሉም የየራሱን ጉድ ያውቃል። ቺቺኮቭ ሐሰተኛ ገንዘብ የሚያትም ነው አሉ፣ ሽፍታ ነው አሉ፣ ከደሴቱ ያመለጠ ናፖሊዮን ነው እስከማለት ደረሱ። ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ የነበረው ዐቃቤ ሕግ ቤቱ ገብቶ ሞተ። በሕይወት ሳለ ወፍራም ቅንድብና ጥቅስ ጥቅስ የሚል ግራ ዓይን ነበረው፤ ሌላ የሚታወስ ነገር የለውም። አስከሬኑ ከተዘረጋ በኋላ ነው ሰዎች ነፍስ እንደነበረው ያወቁት። ዓይኑ መጥቀሱን ትቷል። አንደኛው ቅንድቡ ግን ጥያቄ እንደሚጠይቅ ሰው ወደ ላይ ተነሥቶ ቀርቷል። ለምን ሞትኩ ይሁን ለምን ኖርኩ፣ የጠየቀውን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።

ይህን ቅንድብ ካነበብኩ ጀምሮ አልወጣልኝም። ፍካት፣ ለአንቺ ክርክር የሚሆን ማስረጃ ይኸው፤ ራሴ አቀረብኩልሽ።


ዶሴ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ሁላችሁንም እያነበብኩ ነበር፤ ብዙ ጊዜ አልጽፍም። እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሥራዬ የቆዩ የሠራተኛ ዶሴዎችን መለየት ነው። ጡረታ የወጣ፣ የለቀቀ፣ በሞት የተለየ እየተባለ በየመደርደሪያው ይቀመጣል። ዓመቱን ሙሉ ስነካቸው ቁጥር ናቸው።

ማንም ስላላነሣው ስለ ምዕራፍ 7 ልናገር። ቺቺኮቭ የገዛቸውን ሙታን ስም ዝርዝር ጠዋት ከእንቅልፉ ተነሥቶ ሊገለብጥ ይቀመጣል። ወረቀቶቹ እንደየባለቤታቸው ናቸው። የኮሮቦችካ ገባሮች ሁሉም ማለት ይቻላል ቅጽል ስም አላቸው፣ የፕልዩሽኪን በአጭሩ በስም መነሻ ተጽፈዋል፣ የሶባኬቪች ሙያቸውና ጠባያቸው ተዘርዝሯል። ያ ሰው ያሰበው ትርፉን ብቻ ነበር፤ ስሞቹን ሲያይ ግን ልቡ ተነካና ማውራት ጀመረ። እናንተ በዘመናችሁ ምን ሠራችሁ፣ እንዴት ኖራችሁ፣ እንዴት ሞታችሁ እያለ። ስቴፓን ፕሮብካ ጋ ሲደርስ፣ መጥረቢያህን በወገብህ፣ ጫማህን በትከሻህ አድርገህ አገሩን በእግርህ ሳታዳርሰው አልቀረህም፣ ምናልባት ከቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ተንሸራትተህ ወደቅህ ይለዋል። አጠገቡ የቆመ አንድ ሚኼይ የሚባል አዛውንት ማጅራቱን አክኮ፣ «አይ ልጄ፣ ምን አገኘህ!» ብሎ፣ በወገቡ ገመድ አሥሮ በሟቹ ቦታ ወጣ።

ገመዱን አሥሮ ወጣ። ይህን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። የወደቀው ሰው ገና አልተነሣም፤ ሥራው ግን ሰው ይፈልጋል፣ አዛውንቱም እንጀራ ይፈልጋል። ሞጋች እንዳልከው ሥርዓቱ አለበት። ግን ማጅራቱን ማከኩም አለ። ያቺ ትንሽ መቆም፣ ያቺ «አይ ልጄ» የሥርዓቱ አይደለችም፤ የሰውዬው የራሱ ናት። ጎጎል ሁለቱንም በአንድ ዐረፍተ ነገር አየ።

ያለፈው ሰኞ ሥራ ስገባ «በሞት የተለየ» ከሚለው መደርደሪያ አንዱን ዶሴ ሳልቆጥር ከፍቼ አነበብኩ። የሌሊት ጥበቃ ነበሩ፤ ስማቸውን አልጽፍም። ውስጡ በእርሳስ የተጻፉ ሦስት ማመልከቻዎች አሉ። ሦስቱም የዝናብ ካፖርት ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ረዥም ነው፤ የምቆምበት በር ጣሪያ የለውም፣ ደረቴን ያመኛል፣ የክፍሉ ኃላፊ ያውቃሉ ይላል። ሁለተኛው ያጥራል። ሦስተኛው አንድ መስመር ነው፤ ካፖርት እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ወረቀት የሞት ማስታወቂያ ነው። በማመልከቻዎቹ ጥግ ላይ በቀይ ቀለም «ይያያዝ» ተብሏል። ተያይዟል። እኔው ነኝ ቁጥር ሰጥቼ ያስቀመጥኩት፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሳላነበው።


ሻማ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡35

ዶሴ እህቴ፣ ምን ልበልሽ። ምዕራፍ 7 ገና አልደረስኩም ነበር፣ አሁን ዘልዬ አነበብኩት። ቅር እንዳይልሽ፣ ግን ሰውዬው ልጆች ነበሯቸው?


ዶሴ | እሑድ፣ ከቀኑ 5፡10

አራት። የቤተሰብ ቅጹ ላይ ስማቸው አለ። ትንሿ ያኔ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች ማለት ነው። ማመልከቻዎቹን ኮፒ አድርጌ ለቤተሰቡ መስጠት እንደሚቻል አለቃዬን ጠይቄያለሁ። ሕጉን አጣርተው እንደሚነግሩኝ ብለዋል።


የቮልጋው | እሑድ፣ ከቀኑ 7፡25

ዶሴ ልጄ፣ ተባረኪ። ካልተፈቀደ ተስፋ አትቁረጪ፣ በጽሑፍ ጠይቂ።

ፍካት በመጀመሪያ ላነሣሽው ጥያቄ ያለኝን ልስጥሽ። በመጨረሻው ምዕራፍ ጎጎል ወደ እኛ ወደ አንባቢዎቹ ይዞራል። ብቻችሁን ስትሆኑ፣ በእኔ ውስጥ የቺቺኮቭ ነገር የለም ወይ ብላችሁ ራሳችሁን አትጠይቁም ይለናል። ይልቅ የምታውቁት መካከለኛ ሹም በአጠገባችሁ ሲያልፍ ጎረቤታችሁን ጎሸም አድርጋችሁ፣ ተመልከት ቺቺኮቭ መጣ ትላላችሁ ይላል። አንቺ አለቃሽን ስትጽፊ ከእሱ ጋር የራስሽን ድምፅ አብረሽ ጻፍሽ። ጎጎል ከአንባቢ የለመነው ይህን ነበር።

ጎጎል የመጽሐፉን ሁለተኛ ክፍል ለዓመታት ሲታገልበት ኖረ። ሰዎቹን ከወደቁበት ሊያነሣቸው ፈልጎ አልሆነለትም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1852 አንድ ሌሊት በሞስኮ የእጅ ጽሑፉን ምድጃ ውስጥ ከተተው። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሞተ፣ 43 ዓመት እንኳን አልሞላውም። ከእሳቱ የተረፉት ምዕራፎች ከሞተ በኋላ ታትመዋል። እነሱን ማንበብ ለሚፈልግ ነገ እመለሳለሁ፤ ፕልዩሽኪንን በዚያኛው ክፍል ሊያነሣው እንዳሰበ የሚጠቁም ነገር ስላለ ስለሱ እንነጋገራለን።


ፍካት | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡00

ጋሼ፣ እጠብቅዎታለሁ። እርሳስ፣ አንተም እንዳትቀር፤ ስለ ፕልዩሽኪን ያለ አንተ አንጀምርም። ዶሴ፣ መልሱ ሲመጣ እዚህ ጻፊልን፤ በጽሑፍ የምትጠይቂ ከሆነ ደብዳቤውን አብረን እናረቃለን።